የንጉሥ ኮሌራ ግቢ

በለንደን ይታተም የነበረው «ፓንች» የተባለው የስላቅ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1852 «የንጉሥ ኮሌራ ግቢ» የሚል ሥዕል አወጣ። በርዕሱ ውስጥ ያለው የእንግሊዝኛ ቃል ልክ እንደ እኛው «ግቢ» ሁለት ነገር ይዟል፤ የንጉሥ ግቢም ነው፣ ድሆች ተጨናንቀው የሚኖሩበት ግቢም ነው። ሥዕሉ ላይ ታዲያ ንጉሥ የሚባል የለም። ጠባብ መንደር፣ ከአናት በላይ የተሰጣ ልብስ፣ የቆሻሻ ክምር፣ ክምሩን የምትጭር ሴት፣ በሞተ አይጥ የሚጫወቱ ልጆች፣ አልጋ የሚያከራይ ቤት። ንጉሡን መፈለግ ለተመልካቹ ተትቷል።

ሠዓሊው ጆን ሊች ሳይጨርስ ተወው እንጂ የእኛው ሰው ነበር፤ በለንደኑ ቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ሕክምና ጀምሯል። (በየባቹ ደብተሩ ጠርዝ ላይ መምህራንን ሲስል የሚውል አንድ ሰው አይጠፋም፤ እሱ ግን የምሩን ወጥቶ ሄደ።) «ካርቱን» የሚለው ቃል ዛሬ የምናውቀውን ትርጉም የያዘውም በእሱ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። በ1843 ለአዲሱ ፓርላማ ግድግዳ የታሰቡ ትላልቅ ንድፎች ለሕዝብ ታዩ፤ ንድፎቹ ካርቱን ይባሉ ነበር። ሊች በበኩሉ ቡቱቶ የለበሱ ድሆችን በባለጸጎች የቁም ሥዕል ፊት አቁሞ ሳለና «ካርቱን ቁጥር 1» ተብሎ ታተመ። ዳቦ ለጠየቀ ሥዕል ተሰጠው ነው ነገሩ።

ወደ ኮሌራው ልመለስ። በ1848 እና 1849 ወረርሽኙ ለንደን ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ገድሏል። ብዙው ሐኪም ያኔ በሽታው በመጥፎ ሽታ ይመጣል ብሎ ያምናል። ጆን ስኖው በውሃ እንደሚተላለፍ ጽፎ ያሳተመው በ1849 ነው፤ ሰሚ ግን አላገኘም። ሊችም የሳለው ሽታውን ነው፣ ክምሩን። መንስኤውን አላወቀም፤ አድራሻውን ግን አልሳተም። እኛ የታካሚ ካርድ ላይ «አድራሻ» የሚለውን የምንሞላው ለመዝገብ ቤት ብለን ነው። ይህን ሥዕል ለተማሪዎች ሳሳይ ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ የውሃው ምንጭ የት ነው የሚለው ነው። ጎበዞች ናቸው። በአንዱ ክፍል ስንት ሰው ያድራል ብሎ የሚጠይቅ ግን እስኪገኝ ትንሽ ይቆያል።

«ፓንች»ን የድሃ ጠበቃ አድርጌ ማቅረቤ አይደለም። ዋጋው 3 ፔኒ ነበር፤ በዚያ ግቢ የሚያድር ሰው አይገዛውም። ከድሆቹም ድሃ የነበሩትን የአየርላንድ ስደተኞች የዝንጀሮ ፊት እየሰጠ የሣለው ይኸው መጽሔት ነው።

ስኖው በ1854 በብሮድ ስትሪት ዙሪያ የሞቱትን 616 ሰዎች ከአንድ የውሃ ፓምፕ ጋር ማያያዙን ሁላችንም ተምረናል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ብዙ አይነገርም። አዲሱ የፍሳሽ መስመር በ1859 መሠራት ቢጀምርም፣ በ1866 ኮሌራ ሲመለስ ድሃው የምሥራቅ ለንደን ክፍል ገና አልተገናኘም ነበር። የውሃው ኩባንያም ያልተጣራ ውሃ ለቆበታል። ሞቱም በአብዛኛው እዚያው ሆነ። በዚያው ዓመት ጆርጅ ፒንዌል «ፈን» ለተባለ ሌላ መጽሔት «የሞት መድኃኒት ቤት» የሚል ሥዕል ሠራ። በዚህኛው ክምር የለም። አፅም የውሃ ፓምፕ ይዞ ይቀዳል፣ ማሰሮ የያዙ ልጆች ከበውታል። ከሥሩ የተጻፈው ደግሞ አገልግሎቱ በአጥቢያው አስተዳደር ፈቃድ ለድሆች በነፃ መሆኑን ይገልጻል።