የታችኛው ጥርስ የላይኛውን ሲቀድም፦ «ሲያድግ ይስተካከላል» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ

በእሸት ወቅት ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ መንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ የማይሸትበት ቦታ የለም። ልጆች እሸት ሲግጡ ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አብዛኞቹ በፊት ጥርሳቸው ረድፍ ረድፉን ይዘው ይሄዳሉ። አንዳንዱ ልጅ ግን ወደ ጎን አዙሮ በመንጋጋ ጥርሱ ይነክሳል፣ አለዚያም በጣቱ እየፈለፈለ ይበላል። የልጁ ጠባይ አይደለም፤ በፊት ጥርሱ መጋጥ ስለማይሆንለት ነው። ፈገግ ሲል ብታዩት የታችኛው ጥርሱ ከላይኛው ቀድሞ ቆሟል።

ጎረቤቱም ዘመዱም የሚለው አንድ ነው፦ «አገጩ አያቱን ነው የወጣ፤ ሲያድግ ይስተካከላል።» የመጀመሪያው ግማሽ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ሁለተኛው ግማሽ ግን ብዙ ልጆችን ጊዜ አስበልቷል። ዛሬ ይሄን ጉዳይ ያነሳነውም ለዚሁ ነው።

«ገጣጣ» የምንለው የላይኛው ጥርሱ ወደ ፊት የወጣውን ሰው ነው። ይሄኛው የዚያ ግልባጭ ነው። በጤናማ አገጣጠም የላይኛው የፊት ጥርስ ከታችኛው ፊት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቀድሞ ይቆማል፤ ልክ የመሶብ ክዳን በመሶቡ ላይ ተደርቦ እንደሚገጥመው ማለት ነው። ክዳኑ ከጠበበ አይገጥምም። መሶቡ ከሰፋም አይገጥምም። አንዳንዴ ሁለቱም አንድ ላይ ይመጣሉ። ወላጅ የሚያየው የወጣውን አገጭ ብቻ ስለሆነ ጥፋቱን ሁሉ ለታችኛው መንጋጋ ይሰጣል፤ በብዙ ልጆች ላይ ግን ወደ ኋላ የቀረው የላይኛው መንጋጋ ነው። ይሄ ልዩነት ሕክምናውን ይወስነዋል።

ችግሩ የመልክ ብቻ አይደለም። የፊት ጥርስ ጫፍ ለጫፍ እየተፋጨ ያልቃል፣ የታችኛው ድድ ይሸሻል፣ ምግብ መግመጥ ይቸግራል። ንግግርም አለ። «ፈ»ን ለማለት የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር መንካት አለበት፤ «ሰ» ደግሞ በፊት ጥርሶች መካከል ጠባብ የአየር መውጫ ይፈልጋል። እስቲ «ፍኖተ ሰላም» ብላችሁ ጥሩ። ሁለቱም ድምፆች አሉበት። የገዛ ከተማውን ስም ሲጠራ የሚሳቅበት ልጅ ክፍል ውስጥ እጁን ማውጣት ቢያቆም አይፈረድበትም።

ከየት ይመጣል? በብዛት ከዘር ነው። በዓለም ላይ ስሙ የገነነው የአውሮፓው የሃብስበርግ ንጉሣዊ ቤተሰብ ነው፤ የስፔኑ ንጉሥ ካርሎስ ሁለተኛ (እ.ኤ.አ. 1661–1700) ምግብ በቅጡ ማኘክ ያቅተው ነበር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የስፔን ተመራማሪዎች የቤተሰቡን የቁም ሥዕሎች ለፊትና መንጋጋ ቀዶ ሐኪሞች አሳይተው፣ የቅርብ ዘመዳሞች ጋብቻ በበዛ ቁጥር የአገጩ መውጣት እንደሚጎላ ጽፈዋል። ሰባት ቤት ቆጥሮ ለሚጋባው ለእኛ አገር ሰው ይሄ ብዙም አይገርመውም። ነገር ግን ሰባት ቤት መቁጠር ከዚህ ችግር ነፃ አያወጣም፤ ከአንድ ወገን የመጣ ዘርም ይበቃል።

ሁለተኛው ምንጭ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከንፈሩና ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት፣ ላንቃው ላይ የሚቀረው ጠባሳ የላይኛው መንጋጋ ወደ ፊት እንዳያድግ ሊይዘው ይችላል። በአገራችን ይሄ ቀዶ ሕክምና በስማይል ትሬን ድጋፍ በነፃ ሲሰጥ ቆይቷል፤ አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ከሚታወቁት ቦታዎች አንዱ ነው። ከገጠር የሄደ ቤተሰብ ከንፈሩ ከተሰፋ በኋላ «ተፈወሰ» ብሎ ይመለሳል። ልክ ነው፣ ተፈውሷል፤ ሆኖም 6 እና 7 ዓመት ሲሆነው ጥርሱ እንደገና መታየት አለበት። ቀጠሮ ባይሰጣችሁም እናንተ ጠይቁ።

ግግ ማስወጣትንም ሳናነሳ አናልፍም። ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው ድዱ ላይ ያበጠውን ነገር «ግግ ነው» ብሎ በስለት ወይም በጋለ ብረት ማውጣት አሁንም አልጠፋም። ያ እብጠት ሊበቅል የተዘጋጀ የወተት ክራንቻ ነው። ከሥሩ የቋሚው ጥርስ እንቡጥ ስላለ እሱም አብሮ ይጎዳል፤ ጥርሱ ሳይወጣ ይቀራል ወይም ጠሞ ይወጣል። ግግ የወጣለት ልጅ ሁሉ አገጩ ይወጣል አላልንም። የጥርሱ አሰላለፍ ግን ይበላሻል፣ የሕፃኑ ሕይወትም በደም መፍሰስና በኢንፌክሽን አደጋ ላይ ይወድቃል። ተቅማጡን የሚያክመው ኦአርኤስና ጤና ጣቢያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የላይኛው መንጋጋ እድገቱን ቀድሞ ነው የሚጨርሰው። የታችኛው ግን ከቁመት ጋር አብሮ እስከ ጉርምስና መጨረሻ ያድጋል። ስለዚህ ችግሩ ከአጥንት የመጣ ከሆነ ልጁ ባደገ ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል እንጂ አይጠብም። በ8 ዓመቱ 2 ሚሊ ሜትር የነበረው በ16 ዓመቱ ፊቱን ሊለውጠው ይችላል። የጥርስ ማስተካከል ሐኪሞች (ኦርቶዶንቲስት የሚባሉት) ልጅ በ7 ዓመቱ ይታይ የሚሉትም ለዚህ ነው።

በቤት ውስጥ አንድ ነገር መሞከር ይቻላል። ልጁን ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡትና የፊት ጥርሶቹን ጫፍ ለጫፍ እንዲያገጥም ጠይቁት። ከቻለ አንዳንዴ አጥንቱ ደህና ሆኖ፣ የጠመመ ጥርስ ስለሚያደናቅፈው ብቻ አገጩን ወደ ፊት እያንሸራተተ ይሆናል። ይሄኛው ቀላሉ ነው። በሽቦ ምንጭ የተሠራች ተነቃይ ፕላስቲክ ጥርሱን ወደ ፊት ገፍታ በጥቂት ወራት ልታስተካክለው ትችላለች። ካልቻለ ጉዳዩ የአጥንት የመሆኑ ዕድል ከፍ ይላል። ቁርጡን የሚናገረው ግን የጎን ኤክስሬይና ሐኪሙ ነው።

የላይኛው መንጋጋ ወደ ኋላ ለቀረበት ልጅ ከ7 እስከ 10 ዓመት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። ላንቃው ላይ ማስፊያ ይታሰራል፤ መሐሉ ላይ ያለችውን ብሎን ወላጅ በትንሽ ቁልፍ እቤት ያዞራል። ከዚያ ግንባርና አገጭ ላይ የሚያርፍ የፊት ማስክ ይደረጋል፤ ላስቲኮች ከማስኩ ወደ ላይኛው ጥርስ ተዘርግተው መንጋጋውን ወደ ፊት ይስባሉ። በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት፣ ለ9 ወር ወይም ለዓመት ገደማ ይደረጋል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስና ሲተኛ ካደረገው ይበቃል፤ ትምህርት ቤት ይዞት መሄድ የለበትም። ሥራውን የሚሠራው ሰዓቱ ነው፤ እናት ወይም ታላቅ እህት ካልተከታተለች ማስኩ አልጋ ሥር ነው የሚከርመው። በደንብ ከተደረገም በኋላ በጉርምስና የታችኛው መንጋጋ እንደገና የሚያመልጥባቸው ልጆች አሉ። ያም ሆኖ በልጅነት የታከመው በኋላ ቀዶ ሕክምና የመፈለጉ ዕድል ይቀንሳል።

ጊዜው ያለፈበት ወጣትስ? ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ብሬስና ላስቲክ፣ አንዳንዴም ከታች ጥርስ ነቅሎ ቦታ በማስለቀቅ፣ አጥንቱ ሳይነካ ጥርሱ እንዲገጥም ይደረጋል። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ እድገት እስኪቆም ይጠበቃል፤ ሴቶች ወደ 16 እና 17፣ ወንዶች 18 አልፏቸው ነው። ከዓመት በላይ በብሬስ ጥርስ ይደረደርና ቀዶ ሐኪሙ መንጋጋውን ቆርጦ፣ አንቀሳቅሶ፣ በቲታኒየም ሳህንና ብሎን ያስረዋል። ቁርጡ በአፍ ውስጥ ስለሆነ ፊት ላይ ጠባሳ እምብዛም አይታይም። ለ6 ሳምንት ያህል ለስላሳ ምግብ ብቻ ነው፤ ገንፎና ሾርባ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የታችኛው ከንፈር መደንዘዝ የተለመደ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ሳይለቅ ይቀራል። ይሄን ሳይነግራችሁ ወረቀት የሚያስፈርማችሁ ካለ አትፈርሙ።

አንድ ለየት ያለ ምልክት፦ ትልቅ ሰው ሆኖ አገጩ አዲስ ማደግ ከጀመረ፣ ጫማና ቀለበትም እየጠበበው ከመጣ፣ የጥርስ ጉዳይ ላይሆን ይችላል። ጭንቅላት ውስጥ ያለ የእድገት ሆርሞን አመንጪ ዕጢ ችግር ሊሆን ስለሚችል የውስጥ ደዌ ሐኪም ይይ።

አገልግሎቱ የት ነው? ባለሙያው በአብዛኛው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ። ለሽንዲ ወይም ለደጋ ዳሞት ገበሬ በየ4 እና 6 ሳምንቱ መመላለስ፣ ያውም መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ቀላል ወጪ አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደግሞ ለውበት የሚደረግን ሕክምና ስለማይሸፍን፣ ምን እንደሚሸፈንላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ሆስፒታል ያለውን የጥርስ ሐኪም አሳዩ፤ ቀላሉ ዓይነት መሆን አለመሆኑን ሊለይላችሁና ሪፈር ሊጽፍላችሁ ይችላል።

አዲስ አበባ ከመሄዳችሁ በፊት በስልካችሁ ሦስት ፎቶ አንሱ። አንዱ ልጁ በመንጋጋ ጥርሱ ነክሶ ከንፈሩን ገልጦ ከፊት፣ አንዱ ከጎን አፉን ዘግቶ፣ ሦስተኛው የአባቱ ወይም የእናቱ ፊት ከጎን። ለክሊኒኩ ላኩና የልጁን ዕድሜ፣ ከቤተሰብ ማን ተመሳሳይ አገጭ እንዳለው፣ ላንቃው ተሰፍቶ ከሆነም በስንት ዓመቱ እንደሆነ ጻፉ። አሁን መምጣት ያስፈልገዋል ወይስ እድገቱ ይጠበቅ የሚለውን መኪና ከመሳፈራችሁ በፊት ጠይቁ፤ አጠቃላይ ዋጋውን፣ ስንት ጊዜ መመላለስ እንዳለባችሁና ቀጠሮ ቢያልፍ ምን እንደሚሆንም እዚያው ይንገሯችሁ።