ገበሬው ሲማር ወጪውን ማን ሸፈነ?

አባቶች «የተማረ ይግደለኝ» ሲሉ ለዕውቀት ያላቸውን ክብር ገልጸዋል። ይሁን እንጂ ጎጆ ወጥቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ ማሳ ይዞ የሚኖር ሰው ልማር ብሎ ሲነሳ ከፊቱ የሚደቀነው ችግር የፍላጎት ማጣት ብቻ አይደለም። የትምህርቱን ክፍያ ማን ይችላል? እሱ በትምህርት ላይ ሳለ ቤተሰቡ ምን ይበላል? ከብቱንስ ማን ይጠብቃል? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ለዚህም ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በቅቤና በወተት ምርታቸው የታወቁት የዴንማርክ ገበሬዎች ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ታሪክ ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።)

ትምህርት ቤቱ እንዴት ተጀመረ?

በዴንማርክ እስከ 1788 ድረስ ከ4 እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ያለው ወንድ ገበሬ የተወለደበትን የባላባት ርስት ለቆ እንዳይሄድ በሕግ የታሰረ ነበር። በዚያ ዓመት ይህ ሕግ እንዲሻር ተወሰነ። በ1814 ደግሞ ልጆች ሁሉ እንዲማሩ የሚያዝ ሕግ ወጣ። ነገር ግን የልጅነት ትምህርቱን ጨርሶ ወደ እርሻ የገባው ወጣት ከዚያ በኋላ የሚማርበት ቦታ አልነበረውም። ከፍተኛው ትምህርት ላቲን ላጠኑ ጥቂቶች የተተወ ነበር።

ቄስ፣ ባለቅኔና የታሪክ ሊቅ የነበሩት ኒኮላይ ግሩንትቪግ (1783–1872) ይህን ተቃወሙ። ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ፣ ያለ ፈተና፣ ስለ አገሩ ታሪክና ስለ ኑሮው የሚማርበት ቤት ያስፈልገዋል ሲሉ ጻፉ። በእሳቸው ሐሳብ መነሻነት የመጀመሪያው የሕዝብ ከፍተኛ ትምህርት ቤት በ1844 ሮዲንግ በተባለ ቦታ ተከፈተ። በ1851 ደግሞ የጫማ ሰፊ ልጅ የነበሩት ክሪስተን ኮልድ ሪስሊንገ በተባለ መንደር የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ኮልድ ከተማሪዎቻቸው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ፣ በአንድ ገበታ እየበሉ ያስተምሩ ነበር። ኑሮው እንደ ገበሬ ቤት ቀላል መሆኑ ወጪውንም ዝቅ አደረገው።

ሸክሙ በሦስት ትከሻ

የእነዚህ ትምህርት ቤቶች ወጪ በአንድ ወገን ላይ አልወደቀም። ተማሪውና ቤተሰቡ የትምህርትና የቀለብ ክፍያ ያዋጣሉ። የአካባቢው ሕዝብና ደጋፊዎች ቤት በመሥራትና ገንዘብ በማዋጣት ይረዳሉ። መንግሥት ደግሞ ድጎማ ይሰጣል። ይህ ድጎማ በ1892 በወጣው ሕግ ጽኑ መሠረት አገኘ። ሕጉ ትምህርት ቤቶቹን ብቻ ሳይሆን የመክፈል አቅም የሌላቸውን ተማሪዎችም የሚረዳ ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው ነጥብ መንግሥት ገንዘብ ቢሰጥም ፈተና አለማስገባቱና የሚማሩትን ሁሉ እኔ ልወስን አለማለቱ ነው።

የጊዜ አመዳደቡም ራሱን የቻለ እርዳታ ነበር። ወንዶቹ የሚማሩት ማሳው ሥራ በሚያጣበት በክረምቱ ቅዝቃዜ ወቅት ለአምስት ወር ያህል ሲሆን ሴቶቹ ደግሞ በበጋ ለሦስት ወር ያህል ይማሩ ነበር። ገበሬ ለትምህርት የሚከፍለው ትልቁ ዋጋ ከሥራ የሚቀርበት ቀን በመሆኑ የወቅቱ ምርጫ ከገንዘብ ድጎማ ያላነሰ ጥቅም ሰጥቷል።

ውጤቱ የታየው በወተት ቤት ነው

ከ1870ዎቹ ጀምሮ ከአሜሪካና ከሩሲያ የሚገባው ርካሽ እህል የዴንማርክን ገበሬ ገበያ አሳጣው። ገበሬውም ፊቱን ወደ ቅቤና ወደ አሳማ ሥጋ አዞረ። በ1882 የዲንግ በተባለች የምዕራብ ጁትላንድ መንደር የመጀመሪያው የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ። በእነዚህ ማኅበራት የተለመደው ደንብ ድምፅ የሚሰጠው በላሞች ቁጥር ሳይሆን በሰው ቁጥር ነው የሚል ነበር። በ1900 ገደማ የወተት ማኅበራቱ ቁጥር ወደ 1,000 ተጠግቷል።

ይህ ሁሉ የትምህርት ቤቶቹ ሥራ ብቻ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል። የወተት መለያ ማሽን መፈልሰፉና የእንግሊዝ ገበያ ቅርበትም ድርሻ ነበራቸው። ሆኖም በስብሰባ ላይ መናገር፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ሒሳብ መመርመርና ጎረቤትን ማመን በአንድ ጀንበር የሚገኙ አይደሉም። ከማኅበራቱ መሪዎች ብዙዎቹ በሕዝብ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ወይም በእርሻ ትምህርት ቤት ያለፉ ነበሩ።

እርዳታው ያልደረሳቸው

ከተማሪዎቹ የሚበዙት ግን መሬት ያላቸው ገበሬዎች ልጆች ነበሩ። ቁራሽ መሬት ያለውና በቀን ሥራ የሚተዳደረው ደኃ ቁጥሩ አነስተኛ ነበር። ክፍያው በከፊል ቢሸፈንለትም በእነዚያ ወራት የሚቀርበትን የቀን ደመወዝ የሚተካለት አልነበረም።

ይህን ክፍተት ለመድፈን የሞከረው አንዱ ሕግ በ1944 በአሜሪካ ከጦርነት ለሚመለሱ ወታደሮች የወጣው ነው። ሕጉ ለትምህርት በዓመት እስከ 500 ዶላር ይከፍል ነበር። ከዚህም በላይ ለላጤው በወር 50፣ ቤተሰብ ላለው 75 ዶላር መተዳደሪያ ይሰጥ ነበር። በዚህ ዕድል 7.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የተማሩ ሲሆን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት በእርሻቸው ላይ እየሠሩ የሠለጠኑ ናቸው። ያም ሆኖ አፈጻጸሙ በየአካባቢው ባለሥልጣናት እጅ ስለነበር በተለይ በደቡብ ክፍለ ግዛቶች ጥቁሮች ብዙ ተበድለዋል።

ለአገራችን ማኅበራትስ?

በአገራችን ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከወጪው ትልቁ ድርሻ የተሸፈነው በሕዝቡ መዋጮና ጉልበት ነበር። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የወጪ መጋራት አሠራር ተማሪው ሥራ ሲይዝ እንዲከፍል ዕድል የሚሰጥ ቢሆንም የተዘጋጀው ለከፍተኛ ትምህርት ነው። ማሳውን ትቶ ዩኒቨርሲቲ የማይገባው አርሶ አደር ተስፋ የሚያደርገው በቀበሌው የማሠልጠኛ ማዕከልና በማኅበሩ ላይ ነው።

ማኅበራት ይህን ኃላፊነት መሸከማቸው አዲስ ነገር አይደለም። የሮዲንግ ትምህርት ቤት በተከፈተበት በዚያው በ1844 በእንግሊዝ አገር ሮችዴል የተመሠረተው ማኅበር ከጊዜ በኋላ ከትርፉ 2.5 ከመቶ ለትምህርት ይመድብ ነበር። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 147/1991ም ሆነ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 አባላትን ማስተማርና ማሠልጠን የኅብረት ሥራ መርህ መሆኑን ያስቀምጣሉ።

እንግዲህ ጠቅላላ ጉባኤ ተሰብስቦ ስለ ትርፍ ክፍፍል ሲመክር የትምህርት በጀቱም አብሮ ሊነሳ ይገባል። ሲነሳም ስንት ሰው ሠለጠነ ብሎ መቁጠር ብቻውን አይበቃም። የውሎ አበል ስለሌለው፣ ሥልጠናው በአጨዳ ሰሞን ስለዋለ ወይም ሕፃን የሚይዝላት ስለጠፋ የቀረው አባል ማን ነው ተብሎ መጠየቅ አለበት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው የአንድን ጎረቤት የትምህርት ወጪ ተጋግዞ መሸፈን ለማኅበር ከባድ አይደለም።