ጋፋትን ያላየ ደብረ ታቦርን አላየም

እስቲ ቀረብ በሉና ስሙኝ። ከባሕር ዳር ተነስቶ በወረታ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ የፎገራን ሜዳ ትቶ ሽቅብ እያለ ደብረ ታቦር ያደርሳችኋል። ከዚያ ወዲያ ጉና ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆም፣ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ተራራ። ከተማዋን የቆረቆሩት ራስ ጉግሣ መርሳ ናቸው። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበርና ንጉሡ ጎንደር ላይ በስም ተቀምጦ፣ ትእዛዙ የሚወጣው ከዚህ ከብርዱ አገር ነበር።

በ1834 ዓ.ም. የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ የደብረ ታቦሩን ገዥ ራስ አሊን እዚሁ ከተማቸው ላይ ገጠሙ። ድሉ የውቤ ሆነ፤ አሊ ሸሹ። ምን ዋጋ አለው! ድል አድራጊው ግብር አግብተው ሲደሰቱ የአሊ ወገን ብሩ አሊጋዝ ደርሶ ማረካቸው። አሊም ወደ ወንበራቸው ተመለሱ፤ በ1845 ዓ.ም. ካሳ ኃይሉ አይሻል ላይ እስኪጥሏቸው ድረስ።

እኚህ ካሳ ናቸው ኋላ አጼ ቴዎድሮስ የሆኑት። እንግዲህ ወደ ጋፋት እንሂድ፤ የኔ ልብ ያለው እዚያ ነው።

ጋፋት ከከተማዋ ወጣ ብላ ያለች ኮረብታ ናት። ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደርና ማየር የሚባሉ ስዊሶችና ጀርመኖች ወንጌል እናስተምራለን ብለው መጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። አናውቅበትም ቢሉ ማን ሰምቷቸው! ፖላንድ የተወለደው ሞሪትስ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም አብረዋቸው ነበሩ። እሳት ተነደደ፣ ብረት ቀለጠ፣ የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ደግመው ሞከሩ። በመጨረሻ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው፣ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ከዚህች ኮረብታ ወጣ።

በ1860 ዓ.ም. መባቻ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ሴባስቶፖልን በሠረገላ ጭነው በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር ይጎትተው ጀመር። መንገድ የለም፤ ገደሉን እየናዱ፣ ድንጋዩን እየፈነቀሉ፣ ንጉሡም በገዛ እጃቸው እየቆፈሩ ጅዳንና በሽሎን ተሻገሩ። ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ስለ ሴባስቶፖል ሲወራ የነጮቹ ስም ይነሣል፤ ትከሻው በጠፍር የተላጠው የበጌምድር ሰው ግን ስሙ አልተጻፈለትም። ይህ ያንገበግበኛል።

ሞሪትስ ሆል ኢትዮጵያዊት አግብቶ ነበር፤ ወለተ ኢየሱስ ትባላለች። ልጃቸው መግደላዊት የተወለደችው መቅደላ ላይ፣ ቴዎድሮስ ከእንግሊዝ ጋር በተዋጉበት ሰሞን ነው። ቤተሰቡ ወደ ያፋ ተሻገረ። ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው እንግሊዛዊው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የመግደላዊት የልጅ ልጅ ነው! ዋልድማየርም የቴዎድሮስን ባለሟል የጆን ቤልን ልጅ አግብቶ ነበር፤ በኋላ ሊባኖስ ሄዶ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት አቋቋመ።

ወደ ደብረ ታቦር ስንመለስ፣ አጼ ዮሐንስም ከትመውባታል። በ1872 ዓ.ም. ጥቅምት የግብፅ መልእክተኛ ጎርደን ፓሻ ለድርድር የመጣባቸው እዚሁ ነው፤ ሳይስማሙ ተለያዩ። ካርቱም ላይ የተገደለው ያ ጎርደን ነው።

የመጨረሻው ባለ ወንበር ራስ ጉግሣ ወሌ ናቸው፤ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የንግሥት ዘውዲቱ ባል። ዘውዲቱ ሲነግሡ መኳንንቱ ከባላቸው ለይተዋቸው ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ አንቺም ላይ ከመንግሥት ጦር ጋር ሲዋጉ ወደቁ፤ አውሮፕላን ከላይ ቦምብ ይጥል ነበር። በሁለተኛው ቀን ንግሥቲቱም አረፉ። ከጣሊያን መባረር በኋላ የበጌምድር ግዛት መቀመጫ ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር ተዛወረ።