የጄሶ ሰሌዳና የአንድ ክፍል ሒሳብ

አንድን ክፍል በጄሶ ሰሌዳ፣ ማለት ዛሬ በገበያ ጂፕሰም ቦርድ በሚባለው፣ ለማልበስ ስንት ሰሌዳና ስንት ምስማር እንደሚበቃ መገመት የግንበኛ እንጂ የታሪክ ተማሪ ሥራ አይመስልም። እኛ ግን ይህ ተራ ሒሳብ ራሱ የታሪክ ማስረጃ መሆኑን በአሜሪካ ምሳሌ ለማመልከት እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሰሌዳው በፊት በአሜሪካ የቤቱ የውስጥ ግድግዳ በእንጨት ርብራብ ላይ ይለሰን ነበር። ርዝመታቸው 4 ጫማ፣ ይኸውም 48 ኢንች የሆነ ስስ እንጨቶች በቋሚዎቹ ላይ ጥቂት ክፍተት እየተተወ ይመታሉ፤ ከዚያም ለሳኙ ሦስት ጊዜ ይደራርባል፤ እያንዳንዱም ልስን እስኪደርቅ ይጠበቃል። ቋሚዎቹ በ16 ኢንች ርቀት ሲተከሉ አንዱ ስስ እንጨት ሦስት ክፍተት አልፎ ጫፉ በትክክል በቋሚ ላይ ያርፋል። በአገራችን የጭቃ ቤት የሚመርግ ሰው ጭቃውንና ጭዱን በዓይኑ እንደሚመጥን ሁሉ፣ በዚያም የልስኑ ልክ በአብዛኛው በለሳኙ እጅና ዓይን ውስጥ የተቀመጠ ዕውቀት ነበር።

በ1894 ኦገስቲን ሳኬት የተባለ አሜሪካዊ በወረቀት መካከል ጄሶ ለተነባበረበት ሰሌዳ የፈጠራ መብት አገኘ። ሰሌዳው በመጀመሪያ የርብራቡን ቦታ ይዞ ልስን የሚሸከም ነበር፤ ኋላ ግን ራሱ ግድግዳ ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከዘመቻ ለተመለሱት ወታደሮች ቤት በፍጥነት ሲያስፈልግ፣ ልስን እስኪደርቅ መጠበቅን ያስቀረው ይህ ሰሌዳ በሰፊው ተስፋፋ። ከ1947 እስከ 1951 ከ17,000 በላይ ቤቶች የተሠሩበት በኒውዮርክ አጠገብ ያለው ሌቪታውን የዚህ ምሳሌ ነው።

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የተለመደው ሰሌዳ ወርዱ 4 ቁመቱ 8 ጫማ ነው። ክፍሉ 12 በ16 ጫማ፣ ከፍታው 8 ጫማ ቢሆን የግድግዳው ዙሪያ 56 ጫማ ስለሆነ ለ4 ስናካፍለው 14 ሰሌዳ ይሆናል። ኮርኒሱ 192 ካሬ ጫማ ስለሆነ ለ32 ሲካፈል 6 ሰሌዳ ይወጣል። በሩና መስኮቱ ባይቀነሱ ለቁርጥራጩ ማካካሻ ይሆናሉ። በግድግዳው ላይ በየ8 ኢንቹ ምስማር ቢመታ በአንድ ቋሚ ላይ 13፣ በአራቱ መስመሮች 52፣ ለ14ቱ ሰሌዳዎች 728 ምስማር ያስፈልጋል። በምስማር ፋንታ ተጠምዝዞ የሚገባ ብሎን በየ16 ኢንቹ ቢሆን በአንድ መስመር 7፣ በአንድ ሰሌዳ 28፣ በጠቅላላው 392 ብቻ ይበቃል።

የሰሌዳው ወርድ እንደ አሮጌው ስስ እንጨት 48 ኢንች መሆኑን ልብ እንበል። አዲሱ ዕቃ የሻረውን ሙያ መለኪያ ወርሶታል ማለት ነው። ቋሚዎቹ በቆሙበት ስለቀሩ አናጢው አተካከሉን መለወጥ አላስፈለገውም፤ የለሳኙ ሥራ ግን ጠበበ። በእጁ የነበረውም ግምት ማንም ማካፈል የሚችል ሰው ወደሚያነበው ሠንጠረዥ ተሻገረ።

ነገር ግን ሠንጠረዡ ሁሉን አይናገርም። ያው ክፍል ከፍታው 9 ጫማ ቢሆን የግድግዳው ስፋት 504 ካሬ ጫማ ነው፤ 16 ሰሌዳም ይበቃል። የጨመረው ሁለት ሰሌዳ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ ክፍሉን ዞሮ የሚሄድ 56 ጫማ አዲስ መጋጠሚያ ተፈጥሯል፤ እርሱም በወረቀት ተሸፍኖ፣ በጄሶ ተሞልቶ፣ ደርቆ መላግ አለበት። በስፋት ብቻ የገመተ ሰው ዕቃው ባይጎድልበትም የሠራተኛው ቀንና ደመወዝ ይጎድልበታል።

ስለዚህ የአንድን ዕቃ ታሪክ ስንመረምር የፈጣሪውን ስምና ዓመቱን መዝግበን ባንቆም መልካም ነው። መለኪያው ከማን እንደተወረሰ፣ በሒሳቡ ውስጥ ያልተቆጠረውም ድካም የማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል።