የቤት ገመድ አልባ አውታርና የቁልፉ ታሪክ

የሰው ልጅ ቤት ሠርቶ መኖር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ንብረቱን ለመጠበቅ አጥር ሲያጥር፣ በር ሲገጥም፣ ቁልፍ ሲያበጅ ኖሯል። አጥሩ ከምንም ይሠራ ከምን ወሰኑ በዓይን ይታያል፤ በሩም መዘጋቱ በእጅ ተገፍቶ ይታወቃል። ከሃያኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወዲህ ግን ወሰኑ የማይታይ አንድ አዲስ ንብረት ወደ ብዙ መኖሪያ ቤቶች ገብቷል። ይኸውም ራውተር ከተባለው ትንሽ ሣጥን የሚነሣውና በተለምዶ ዋይፋይ የሚባለው ገመድ አልባ አውታር ነው። የዚህ አውታር ሞገድ የባለቤቱን ግድግዳ አልፎ ከጎረቤት ሳሎንና ከመንገድ ዳር ይደርሳል። ባለቤቱ በሩን ዘግቶ ቢተኛም ሞገዱ ውጭ ያድራል።

ስለዚህ ይህን ንብረት ካልተፈቀደለት ሰው የሚጠብቀው ግንብ ሳይሆን ስሌት ነው። ስሌቱ ደካማ ከሆነ ያልተጋበዘው ሰው ባለቤቱ በከፈለበት መስመር ይጠቀማል፤ የቤተ ሰቡን መልእክት ያነባል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ በዚያው መስመር ወንጀል ሠርቶ ዱካው ወደ ባለቤቱ ደጃፍ እንዲያመራ ያደርጋል። የዚህን ቁልፍ ታሪክ የተከታተለ ሰው ደጋግሞ የሚያገኘው አንድ ነገር አለ። አንድ ቁልፍ ቁልፍ ተብሎ ስለ ተጠራ ብቻ አይቆልፍም፤ አለመቆለፉንም ቀድሞ የሚያውቀው ባለሙያው ሲሆን፣ ዘግይቶ የሚሰማው ባለቤቱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ያልተጋበዘ እንግዳ

ችግሩ ከዋይፋይ ጋር የተወለደ አይደለም። ጁን 4 ቀን 1903 በለንደን ከተማ፣ በሮያል ኢንስቲትዩሽን አዳራሽ፣ ፕሮፌሰር ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ ስለ ሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ንግግር ያደርጉ ነበር። ጉልዬልሞ ማርኮኒም ከኮርንዎል ጠረፍ መልእክት እንዲልክ ተዘጋጅቷል። ማርኮኒ መሣሪያው በተወሰነ የሞገድ ልክ ስለሚቃኝ ሌላ ሰው ሊጠልፈውም ሆነ ሊያውከው እንደማይችል አስቀድሞ ለሕዝብ አስታውቆ ነበር። ሆኖም የተጠበቀው መልእክት ከመድረሱ በፊት መቀበያው ያልታሰበ ቃል ይመታ ጀመር። መጀመሪያ አንዲት የንቀት ቃል ተደጋገመች፤ ቀጥሎም በማርኮኒ ላይ የሚያላግጥ ግጥም መጣ።

ይህን ያደረገው የምትሃት ትርዒት በማሳየት ከሚታወቅ ቤተ ሰብ የተወለደውና ራሱም የሽቦ አልባ መሣሪያ ተመራማሪ የነበረው ኔቪል ማስክሊን ነበር። ፍሌሚንግ ተቈጥተው ለታይምስ ጋዜጣ በጻፉ ጊዜ ማስክሊን ድርጊቱ የእርሱ መሆኑን በዚያው ጋዜጣ አልካደም። የምሥጢራዊነቱ ማረጋገጫ እውነት መሆን አለመሆኑን ሕዝብ ማወቅ ይገባዋል ሲል ተከራከረ። ማስክሊን ከማርኮኒ ጋር ከሚፎካከረው የባሕር ውስጥ ቴሌግራፍ ኩባንያ ጋር የሠራ ሰው ስለ ነበር ከጥቅም የጸዳ ዳኛ ነው ለማለት ያስቸግራል። ቢሆንም ያነሣው ጥያቄ ትክክለኛ ነበር። በአየር ላይ የሚሄድ ነገር ምሥጢር ነው መባሉ ምሥጢር አያደርገውም።

በተጣደፈ እጅ የተሠራ ቁልፍ

ከዚህ ቀደም ብሎ በ1883 ኦጉስት ኬርክሆፍስ የተባለ ሊቅ ስለ ጦር ሠራዊት ምሥጢራዊ ጽሕፈት በፈረንሳይ በጻፈው ጥናት አንድ ታላቅ ሕግ አስቀምጦ ነበር። የአንድ ምሥጢራዊ ጽሕፈት አሠራር በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ጕዳት ሊያስከትል አይገባም፤ ምሥጢር ሆኖ መጠበቅ ያለበት ቁልፉ ብቻ ነው የሚል ነው። የዋይፋይን የመጀመሪያ ቁልፍ ውድቀት ለመረዳት ይህ ሕግ ይጠቅማል።

የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን በ1985 አንዳንድ የሬዲዮ ሞገዶች፣ ከእነርሱም መካከል በ2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ያሉት፣ ያለ ፈቃድ ለመገናኛ እንዲያገለግሉ ደነገገ። የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር፣ አይ ትሪፕል ኢ፣ በ1990 ኮሚቴ አቋቁሞ 802.11 የተባለውን ደንብ በ1997 አወጣ። በ1999 ፍጥነቱ በሴኮንድ ወደ 11 ሚሊዮን ቢት ሲያድግ አውታሩ ከቢሮ ወደ መኖሪያ ቤት መግባት ጀመረ።

ከደንቡ ጋር የወጣው ቁልፍ ዌፕ ይባላል፤ የስሙም ትርጕም ከገመድ ጋር የሚመጣጠን ምሥጢራዊነት ማለት ነው። ዌፕ የተመሠረተው ሮናልድ ሪቬስት በ1987 በደረሰው አር ሲ 4 በተባለ የማመስጠሪያ ስልት ላይ ነበር። ይህ ስልት በ1994 አፈትልኮ እስኪወጣ ድረስ በንግድ ምሥጢርነት ተይዞ የቆየ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በዚያን ጊዜ ጠንካራ የማመስጠሪያ መሣሪያ ወደ ውጭ አገር እንዳይላክ ይከለክል ስለ ነበር የዌፕ ቁልፍ በመጀመሪያ 40 ቢት ብቻ ሆነ። በተጨማሪም ኮሚቴው የመገናኛ መሐንዲሶች እንጂ የምሥጢራዊ ጽሕፈት ሊቃውንት ሸንጎ አልነበረም፤ ሥራውም ለእነዚህ ሊቃውንት ሰፊ ምርመራ ሳይቀርብ ወደ ገበያ ወጣ።

የዌፕ ስሕተት በቀላል ምሳሌ ሊገለጽ ይችላል። አር ሲ 4 ከቁልፉ ተነሥቶ ረጅም የቁጥሮች ሰንሰለት ያወጣል፤ መልእክቱም በዚያ ሰንሰለት ተሸፍኖ ይላካል። ሁለት መልእክቶች በአንድ ዓይነት ሰንሰለት ከተሸፈኑ ግን ሽፋኑ እርስ በርሱ ይጣፋና የሁለቱ መልእክቶች ገላ ይታያል። አንድ መጋረጃ ሁለት ጊዜ መጋረጃ ሊሆን አይችልም። ይህን ለመከላከል ዌፕ ለእያንዳንዱ የመረጃ ጥቅል የተለየ መነሻ ቁጥር ከቁልፉ ጋር ያጣምር ነበር። ነገር ግን ለመነሻ ቁጥሩ የተመደበው ቦታ 24 ቢት ብቻ ነው። ይህም 16,777,216 ልዩ ልዩ ቁጥሮችን ይሰጣል። ሥራ የበዛበት አውታር ይህን ሁሉ በአምስት ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ያው ቁጥር ተመልሶ ይመጣል። ቁጥሮቹ በዕጣ የሚወጡ ከሆነ ደግሞ ከ5,000 ያህል ጥቅሎች በኋላ ሁለቱ የመገጣጠማቸው ዕድል እኩሌታ ይሆናል።

የሚያውቁና የማያውቁ

በ2001 መጀመሪያ ኒኪታ ቦሪሶቭ፣ ኢያን ጎልድበርግና ዴቪድ ዋግነር ይህን ጕድለት ዘርዝረው አወጡ። በዚያው ዓመት በኦገስት ስኮት ፍሉረር፣ ኢጺክ ማንቲንና አዲ ሻሚር ከዚህ የባሰ ነገር አሳዩ፤ ከመነሻ ቁጥሮቹ አንዳንዶቹ የቁልፉን ቁራሽ ራሱን አሳልፈው ይሰጣሉ። ብዙ ሳይቆይ ሌሎች ተመራማሪዎች ስልቱን በተግባር ፈተኑት፤ ማንም ሰው አንሥቶ ሊጠቀምበት የሚችል ፕሮግራምም ወጣ። ሻጮች ቁልፉን ወደ 104 ቢት ቢያሳድጉም መነሻ ቁጥሩ ያው 24 ቢት ስለ ነበር ከጥፋት አላዳነም። በ2007 በጀርመን ዳርምሽታት ከተማ የሚገኙ ሦስት ተመራማሪዎች የ104 ቢቱን ቁልፍ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ለማግኘት እንደሚቻል አሳዩ።

እዚህ ላይ ከስሌቱ ይልቅ የዘመኑ ርዝመት ሊታሰብ ይገባል። ዌፕ መሰበሩ በባለሙያዎች ዘንድ ከታወቀበት ከ2001 አንሥቶ፣ የዋይፋይ ምልክት የሚሰጠው የኩባንያዎች ኅብረት አዲሱን ቁልፍ ለአዳዲስ ዕቃዎች ሁሉ ግዴታ እስካደረገበት እስከ 2006 ድረስ አምስት ዓመታት አለፉ። በእነዚህ ዓመታት ሣጥኑን ከሱቅ ገዝቶ የዌፕን ቃል ያስገባው ባለቤት ቤቱን የቆለፈ መስሎት ይተኛ ነበር። ከሣጥኑ ላይ የተጻፈው ምሥጢራዊነት እንጂ በጉባኤ የተነበበው ጥናት አልደረሰውም። ጕዳቱም በመኖሪያ ቤት አልተወሰነም። በአሜሪካ አንድ ትልቅ የችርቻሮ ድርጅት በዌፕ ብቻ በተጠበቀ የሱቅ አውታር በኩል ተደፍሮ፣ ከ45 ሚሊዮን በላይ የባንክ ካርድ ቁጥሮች መሰረቃቸው በ2007 ተገለጠ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ብዙዎች ቁልፋቸውን የለወጡት ከዚህ ዓይነቱ ወሬ በኋላ ነው።

በአደባባይ የተፈተነ ቁልፍ

በአንጻሩ ሌላ ቁልፍ በሌላ ሥርዓት ይሠራ ነበር። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ1997 የዓለም ሊቃውንት ሁሉ የሚሳተፉበት የማመስጠሪያ ስልት ውድድር አስታወቀ። 15 ስልቶች ለፈተና ቀረቡ፤ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የሌላውን ሥራ ለመስበር በአደባባይ ተረባረበ። በመጨረሻም የቤልጂግ ተወላጆች የሆኑት ዮአን ዳመንና ቪንሰንት ራይመን ያቀረቡት ስልት በ2000 ተመርጦ በ2001 ኤ ኢ ኤስ በሚል ስም ጸደቀ። አሠራሩ ለማንም የተገለጠ ነው፤ ምሥጢሩ ቁልፉ ብቻ ነው። የኬርክሆፍስ ሕግ ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ በዚህ ተፈጸመ።

የዋይፋይም ደንብ ወደዚሁ ተጠጋ። በ2003 በአሮጌዎቹ ሣጥኖች ላይ ሊሠራ የሚችል ደብልዩ ፒ ኤ የተባለ መሸጋገሪያ ወጣ፤ በ2004 ደግሞ ኤ ኢ ኤስን የያዘው ደብልዩ ፒ ኤ 2 ተተካ።

ቁልፉ ቢጠነክርም ለምቾት ሲባል ከጐኑ መስኮት ተከፈተ። የይለፍ ቃል መጻፍ ለሚከብደው ደንበኛ ታስቦ በ2007 ደብልዩ ፒ ኤስ የተባለ ዘዴ ሲወጣ፣ አንዱ መንገዱ ስምንት አኃዝ ያለውን ቁጥር ማስገባት ብቻ ነበር። ስምንት አኃዝ 100 ሚሊዮን ዓይነት ቁጥር ይሆናልና የሚበቃ ይመስላል። ስቴፋን ፊበክ የተባለ ተመራማሪ ግን በ2011 መጨረሻ ላይ ነገሩ እንደዚያ አለመሆኑን አሳየ። የመጨረሻው አኃዝ ለማረጋገጫ ብቻ የሚያገለግልና ከሌሎቹ የሚሰላ ነው። ከዚህም በላይ ሣጥኑ የመጀመሪያዎቹን አራት አኃዞች ለብቻቸው ትክክል ናቸው ወይም አይደሉም ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ ፈታኙ መጀመሪያ 10,000፣ ቀጥሎ 1,000፣ በድምሩ ከ11,000 የማይበልጥ ሙከራ ይበቃዋል። ሣጥኑ ሙከራውን ካላገደው ሥራው በሰዓታት ያልቃል። ጠንካራው በር ተዘግቶ ሳለ የጓዳው መስኮት ክፍት ነበር ማለት ነው።

በ2017 ደግሞ በቤልጂግ የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ማቲ ቫንሁፍና ፍራንክ ፒሰንስ በራሱ በደብልዩ ፒ ኤ 2 የሰላምታ ልውውጥ ውስጥ ስንጥቅ አገኙ። ያልተጋበዘው ሰው ከልውውጡ አንዱን ክፍል ደግሞ ሲልከው መሣሪያው የተጠቀመበትን ቁልፍ እንደ አዲስ ይጭንና ያንኑ የቁጥሮች ሰንሰለት ይደግማል። የዌፕ አሮጌ ኃጢአት፣ መጋረጃን ሁለት ጊዜ መጠቀም፣ በሌላ በር ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ግን ጕድለቱ ለሕዝብ ከመነገሩ በፊት ለአምራቾች ተነግሮ ስለ ነበር ብዙዎቹ ማስተካከያውን በቶሎ አወጡ። በ2018 ደብልዩ ፒ ኤ 3 ይፋ ሆነ፤ በዓመቱም ያው ቫንሁፍ ከኢያል ሮነን ጋር ሆኖ በእርሱም ላይ ጕድለት አሳየ። ይህ የቁልፉን ከንቱነት አያመለክትም። የሚመረመር ቁልፍ ይታረማል፤ የማይመረመር ቁልፍ ግን ሌባ እስኪያገኘው ድረስ ጤነኛ ይመስላል።

የባለቤቱና የባለሙያው ድርሻ

ስሌቱ የቱንም ያህል ቢጠነክር የመጨረሻው ቃል የሚመረጠው በቤቱ ውስጥ ነው። በደብልዩ ፒ ኤ 2 አውታር ላይ አንድ መሣሪያ ሲገባ የሚለዋወጠውን ሰላምታ የቀዳ ሰው፣ ወደ ቤቱ ሄዶ በኮምፒዩተሩ ያለ ማንም ከልካይ የይለፍ ቃሉን ሊገምት ይችላል። ለምሳሌ በአገራችን የስልክ ቁጥሩን የይለፍ ቃል ያደረገ ሰው አሥር አኃዝ የተጠቀመ ይመስለዋል። ነገር ግን የእጅ ስልክ ቁጥር በ09 ወይም በ07 ስለሚጀምር የሚገመተው ስምንት አኃዝ ብቻ ነው፤ ይህም ለዛሬ ኮምፒዩተር ቀላል ሥራ ነው። ደንቡ ከ8 እስከ 63 ፊደላት ይፈቅዳል። እርስ በርሳቸው የማይዛመዱ በርከት ያሉ ቃላትን አያይዞ ከ20 ፊደላት በላይ ማድረስ ለማስታወስ የሚቻል፣ ለመገመት ግን የሚያስቸግር ነው።

በአንጻሩ ብዙ ሰው የሚተማመንባቸው ሁለት ዘዴዎች ጥቅማቸው ጥቂት ነው። የአውታሩን ስም መደበቅ አይረዳም፤ የቤቱ መሣሪያ ሊገባ ሲል ስሙን ራሱ በአየር ላይ ይጠራዋልና። የተፈቀደላቸውን መሣሪያዎች መለያ ቁጥር መመዝገብም እንዲሁ ነው፤ ቁጥሩ ሳይሸፈን ስለሚተላለፍ አድማጩ ቀድቶ ይለብሰዋል። ይልቁንስ ደብልዩ ፒ ኤ 3ን፣ እርሱ ከሌለ ደብልዩ ፒ ኤ 2ን ከኤ ኢ ኤስ ጋር መምረጥ፣ ደብልዩ ፒ ኤስን መዝጋት፣ ከፋብሪካ የመጣውን የሣጥኑን የአስተዳዳሪ ቃል መለወጥ፣ የአምራቹን ማስተካከያ መጫን ይጠቅማል። እንግዳን መከልከል ነውር በሆነበት ባህል ደግሞ ለእንግዳ የተለየ አውታር መክፈት የጨዋነትም የጥንቃቄም መንገድ ነው። እንግዳው በሳሎን ይስተናገዳል፤ የጓዳው ቁልፍ አይሰጠውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ታሪኩ የሚያነሣው የባለሙያውን አደራ ነው። በ1903 ማርኮኒ የሰጠው ማረጋገጫና በ1999 በሣጥኖች ላይ የተጻፈው ስም አንድ ዓይነት ጕድለት ነበረባቸው፤ ሁለቱም ተፈትነው ሳያልቁ ለሕዝብ ተነግረዋል። ከ2001 እስከ 2006 የነበረው ዝምታ ደግሞ ከስሌቱ ስሕተት የማያንስ ጥፋት ነው። ባለቤቱ የቁጥሮችን ሰንሰለት መርምሮ ሊያውቅ አይችልም፤ የሚያምነው ሣጥኑን የሸጠለትን፣ መስመሩን የዘረጋለትንና ምክር የጠየቀውን የሙያ ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ቁልፍ መሰበሩን ያወቀ ባለሙያ ዜናውን በጉባኤና በመጽሔት ብቻ ይዞ መቅረት አይገባውም። በሚቀጥለው ቀን አውታር ሊዘረጋ በሚሄድበት ቤት ደጃፍ ላይ፣ ባለቤቱ በሚገባው ቋንቋ፣ አሮጌው ቁልፍ እንደማይቆልፍ ሊነግረው ይገባል።