ዘፈኑ ካቆመበት

በዚህ ዓመታዊ መጽሔት የሚወጡት የታሪክ ጽሑፎች ባመዛኙ ስለ ድልድይ፣ ስለ መንገድና ስለ ግድብ ናቸው። አዘጋጆቹ ስለ ትውልድ አገሬ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ እኔም አስቀድሜ ያሰብሁት ስለ መንገድ ነበር፤ የጉራጌ ሕዝብ ከራሱ ኪስ አዋጥቶ መንገድ በማሠራት የታወቀ ነውና። ዳሩ ግን ያለፉትን ሦስት ዓመታት የዕረፍት ጊዜዬን ጠቅልሎ የወሰደብኝ ጉዳይ ሌላ በመሆኑ፣ ባልደረቦቼ ይቅር ይበሉኝና የምጽፈው ስለ ዘፈንና ከዘፈን ስለሚወለድ ድርሰት ነው።

ጉንችሬ የእነሞርና ኤነር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የመስቀል በዓል ሲደርስ በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ከተማ የሚኖረው የአካባቢው ተወላጅ ወደ ወላጆቹ ቤት ይመለሳል። ክትፎው ተበልቶ፣ ቡናው ተጠጥቶ ሲመሽ ዘፈን ይጀመራል፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ እጅ ይጨበጨባል። እኔም ድምፄ የሚያስመሰግን ባይሆንም ከልጅነቴ ጀምሮ ከአውጪዎቹ አንዱ ነኝ። አውጪ የሚመዘነው በድምፁ ማማር ብቻ አይደለም፤ የጀግናውን፣ የከብቱን፣ የአገሩን ስም ሳያዛንፍ መደርደር ይጠበቅበታል። ዘፈኑ ፋታ ሲያገኝ ደግሞ ሽማግሌዎች አንድ ስም ይዘው ታሪኩን ያወጋሉ። የቃቄ ወርድወትን ታሪክ የሰማሁት በእንዲህ ያለ ፋታ ላይ ነው።

ትውፊቱ እንደሚለው፣ የቃቄ ልጅ ወርድወት በ19ኛው መቶ ዓመት በሰባት ቤት ጉራጌ የኖረች ሴት ናት። በዘመኑ ወንድ በሚስቱ ላይ ሌላ ሚስት መደረብ ይችል ነበር፤ ሚስት ግን ባሏ ፈቅዶ ካልለቀቃት በቀር ከቤቱ ብትወጣም ሌላ ማግባት አይፈቀድላትም። ወርድወት ሴቶችን አስተባብራ፣ የሰባት ቤቱ ሕግ በሚመከርበትና በሚፈረድበት በየጆካ ሸንጎ ፊት ቆመች፤ ሁለቱም ልማዶች እንዲሻሩ ጠየቀች። ሸንጎው ምን እንደ መለሰላት፣ እርሷስ ኋላ ምን እንደ ደረሰባት የሚነገረው ግን ከአንዱ ቀዬ ወደ ሌላው ይለያያል። እኔን የያዘኝም ይኸው ክፍተት ነው። ከሸንጎው ተነሥታ ወደ ቤቷ የተመለሰችበትን ያንን አንድ ምሽት የሚናገርልኝ ስላጣሁ፣ እኔው ልጽፈው ብዬ ደብተር ገዛሁ።

ሰው የወደደውን ባለታሪክ ከታወቀው ወሰን አሳልፎ መጻፉ አዲስ ነገር አይደለም፤ በዛሬው ዘመን ፋን ፊክሽን የሚል ስም ወጥቶለታል። ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1893 ሼርሎክ ሆምስን በድርሰቱ ውስጥ በገደለው ጊዜ ሞቱን ያልተቀበሉ አንባብያን እጅግ ብዙ ነበሩ፤ ሌሎች ጸሐፍትም በየራሳቸው ብዕር አዳዲስ ጀብዱ ሲጨምሩለት ኖረዋል። በእኛ ሀገር ለዚህ ዓይነቱ ፍቅር ከዐፄ ቴዎድሮስ የበለጠ የታደለ የለም። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1942 ዓ.ም. በቴአትር፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. በ«የቴዎድሮስ እንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. በ«አንድ ለናቱ» ጽፈውላቸዋል። ንጉሡ አንድ ሲሆኑ፣ ለእያንዳንዱ ደራሲ ሌላ ሰው ሆነው ተገኝተዋል።

ከእነዚህ ጋር የሚቆጠር አንድ የጉራጌ ልጅም አለ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበረበት ጊዜ ከቋንቋ ሊቁ ከቮልፍ ሌስላው ጋር ተገናኘ። በቸሃ ቋንቋ የጻፈው የመንደር ሕይወት ታሪክም በሌስላው ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ «የሽነጋ መንደር» በሚል ርዕስ እ.ኤ.አ. በ1964 ታተመ። ያን ጊዜ ቸሃ በቃል እንጂ በጽሑፍ ብዙም የማይታወቅ ቋንቋ እንደ ነበረ ልብ ይሏል። በ1969 ያሳተመው «አፈርሳታ» ደግሞ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ሕዝቡ በአንድነት ተሰብስቦ የሚመረመርበትን የቆየ የፍርድ ሥርዓት የልብ ወለድ አጥንት አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ1974 እርሱም በተራው የቋራውን ንጉሥ ታሪክ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አወጣ። የሰባት ቤቱ ልጅ ቴዎድሮስን ለመጻፍ ፈቃድ ያልጠየቀ እንደ ሆነ፣ እኔስ ስለ ወርድወት ማንን እጠይቃለሁ በማለት ራሴን አደፋፈርሁ።

የእኔ ድርሰት የመጀመሪያ ገጽ የተበላሸው በአንድ ዛፍ ነው። ወርድወት በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር አረፍ አለች ብዬ ጽፌ ነበር። ዛሬ ከወልቂጤ እስከ ጉንችሬ የሚጓዝ ሰው ባሕር ዛፍ የሌለበትን ጉራጌ ለመገመት ይቸግረዋል። ነገር ግን ዛፉ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ስለሆነ ወርድወት በዕለቱ ልታየው አትችልም። ነቅዬ ዝግባ ተከልሁበት። በሁለተኛው ገጽ ክራር የሚመታ ልጅ ነበረ፤ እርሱንም ሰረዝሁት፤ እኛ ስንዘፍን የሚሰማው ድምፅና ጭብጨባ ሲሆን፣ ክራሩን ሳላውቀው ያመጣሁት ከከተማ መድረክ ነበርና።

ቀጥሎ በጀፎረ ላይ አስኬድኋት። ጀፎረ በሁለት ረድፍ በተሠሩ ቤቶች መካከል የሚዘረጋ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ አውራ መንገድ ነው። ማዘጋጃ ቤትም ቀያሽም ሳይኖር ስፋቱ በባህል ሕግ ተጠብቆ መኖሩ እኛን መሐንዲሶች ሊያስቀና የሚገባ ነው። ከብት ይውልበታል፤ ሠርግም ለቅሶም ይቆምበታል። ቤቶቹ ፊታቸውን ወደ እርሱ ያዞሩ በመሆናቸው ተደብቆ ማለፍ አይቻልም። እኔ ወርድወትን በጨለማ፣ ሰው ሳያያት ወደ ቤቷ ላስገባት አስቤ ነበር፤ መንገዱ ግን እንቢ አለኝ። ስለዚህ በመንደሩ ሁሉ ዓይን ፊት አለፈች።

ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ እንሰት ነው። በድርሰቴ ውስጥ ወርድወት የባሏን ቤት ትታ ብትወጣ በሌላ ስፍራ እንሰት ተክላ በዓመቱ ቆጮ እንደምትበላ አድርጌ ነበር። እንሰት ግን ከችግኝነቱ ጀምሮ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው እየተዛወረ፣ ለመፋቅ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይወስዳል። መሬቱ የባል ነው፤ ሴቲቱ ወደ ባሏ ቀዬ የመጣች ናት። የሚፍቁትና በጉድጓድ የሚያብላሉት ሴቶች ቢሆኑም፣ ከቤት የወጣች ሴት የዓመታት ምግቧን በጓሮ ቆሞ ትታው ትሄዳለች። በየጆካ ፊት የቀረበው ጥያቄ ስለ ጋብቻ ብቻ ሳይሆን ስለ ጓሮው ጭምር መሆኑ የገባኝ፣ ሽማግሌዎቹን ለሃያ ዓመታት ስሰማ ሳይሆን የተሳሳተች አንዲት ዐረፍተ ነገር ለማቃናት ስሞክር ነው።

ይህን ሁሉ ያገኘሁት ከሽማግሌዎች ብቻ አይደለም። ዊሊያም ሻክ የተባለው አሜሪካዊ የጉራጌን አኗኗር ከእንሰት ጋር አያይዞ ያጠናበትን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1966 አሳትሟል። በ1974 ደግሞ ከሀብተ ማርያም ማርቆስ ጋር ሆኖ የጉራጌን አማልክትና ጀግኖች የሚመለከት የቃል ቅርስ አሰናድቷል። ሌስላው በ1979 በሦስት ጥራዝ የጉራጌ ቋንቋዎችን የቃላት ምንጭ መዝገብ፣ በ1983 የቸሃና የእነሞር ንግግሮችን አውጥቷል። አንዲት ቃል ለመፈለግ የከፈትሁት ጥራዝ ይዞኝ የነጋበት ሌሊት ጥቂት አይደለም። አንድ የውኃ መስመር ሥሌት በቀኑ ባለማስረከቤ ከአለቃዬ ወቀሳ የደረሰብኝም በዚሁ ሰበብ ነው፤ ወቀሳው ተገቢ ነበር።

መጻሕፍቱም ቢሆኑ ወጥመድ አላቸው። ብዙው የተሰበሰበው ቃል የቸሃ ሲሆን፣ እኛ የምንናገረው የእነሞር ነው። ከመጽሐፍ ያገኘሁትን አባባል በጉንችሬ ባወጣሁት ዘፈን ውስጥ ባስገባሁ ጊዜ አክስቴ፣ «የቸሃ አማች መጣብን!» ብለው ሳቁብኝ።

ወርድወትን የጻፍሁ እኔ ብቻ አይደለሁም። እንዳለጌታ ከበደ በ«እምቢታ» ልብ ወለዱ አንሥቷታል፤ በብሔራዊ ቴአትር መድረክም ታሪኳ ቀርቧል። እነዚህ በልብ ወለድነታቸውና በቴአትርነታቸው ለሕዝብ የቀረቡ ናቸው። የእኔ ግን በደብተር የተጻፈ፣ ሽፋንም ስምም የሌለው ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት በመስቀል ማግስት፣ ዘፈኑ ፋታ ሲያገኝ፣ ያንን ምዕራፍ ለቤተ ዘመዱ አነበብሁ። በእርሱ ውስጥ ወርድወት ወደ ቤቷ ከመግባቷ በፊት አብረዋት ለሄዱት ሴቶች ለእያንዳንዳቸው በእንሰት ቅጠል ላይ አንድ አንድ ቋጠሮ ትቋጥራለች። ቋጠሮው ከራሴ የፈለቀ ነው፤ ከሽማግሌም ከመጽሐፍም አልወሰድሁትም። አምና ተመልሼ በሄድሁ ጊዜ አንድ የጎረቤት ወጣት የወርድወትን ታሪክ ሲያወጋ፣ ቅጠሉን ከነቋጠሮው አመጣው። እኔ ያልጻፍሁትን ቁጥር እንኳ ጨምሮበታል፤ ቋጠሮዎቹ አርባ ናቸው አለ።

ወደ ጎን ጠርቼ፣ ይህን የፈጠርሁት እኔ ነኝ አልሁት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ከመጽሐፍ አግኝተውት ይሆናል፤ እኔ ግን ከሽማግሌ አፍ ነው የሰማሁት» ሲል በትሕትና መለሰልኝ። አልዋሸም። ያጫወቱት ሽማግሌ እኔ ሳነብ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩት ናቸው።

በሥራችን ነባሩን ግንብ በሙሉ መስመር፣ ሊሠራ የታሰበውን በተቆራረጠ መስመር እንሥላለን፤ ሁለቱን ያደባለቀ ንድፍ ግንበኛውን የሌለ ግድግዳ ያስደግፈዋል። በዚሁ ልማድ ደብተሬን እንደ ገና ገለበጥሁት፤ የሰማሁትን በጥቁር፣ ያነበብሁትን በሰማያዊ፣ የራሴን በቀይ ቀለም። ጮኾ ለሚነበብ ነገር ግን ቀለም ምንም አይጠቅምም። ስለሆነም ከእንግዲህ ቀዩ ላይ ስደርስ «ይህ የእኔ ነው» ብዬ ለማንበብ መወሰኔን ለአክስቴ ነገርኋቸው። እርሳቸውም ሰዎቹ ድገምልን የሚሉኝ ቀዩን እንደሚሆን አስጠነቀቁኝ።

የቋጠሮውን ገጽ ከደብተሩ አላወጣሁትም። በኅዳጉ ላይ የጻፍሁበትን ቀንና ስሜን አኑሬበታለሁ፤ ከሥሩም አርባ የሚለው ቁጥር የእኔ አለመሆኑን።