እንደ ኮታው መጠን፦ የአይኤምኤፍ የድልድል ሕግና የአገሮች የሀብት ልዩነት

ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በአገሮች መካከል ያለውን የሀብት ልዩነት ለማጥበብ ያላቸው ሚና ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው ባፈሰሱት ገንዘብ ብዛት ነው። ገንዘቡ የሚደለደልበት ሕግ ግን ከብዛቱ ይልቅ ወሳኝ ነው ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 የዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) በኮሮና ወረርሽኝ ለተናጋው ኢኮኖሚ መጠባበቂያ እንዲሆን 650 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ልዩ የማውጣት መብት (ኤስዲአር)፣ ማለትም አገሮች በውጭ ምንዛሪ ሊመነዝሩት የሚችሉት የመጠባበቂያ ሀብት፣ ለአባላቱ አከፋፈለ። በታሪኩ ከዚህ የሚበልጥ ድልድል አድርጎ አያውቅም። የተከፋፈለው ግን በኮታ ነው፤ ኮታ፣ ማለትም እያንዳንዱ አባል ለድርጅቱ የሚያዋጣው ድርሻ፣ ደግሞ በአመዛኙ የኢኮኖሚን ግዝፈት ይከተላል። ስለዚህ አሜሪካ 113 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ስታገኝ ለኢትዮጵያ የደረሳት 408 ሚሊዮን ገደማ ነው። በነፍስ ወከፍ ቢሰላ የአንድ አሜሪካዊ ድርሻ ከ330 ዶላር ይበልጣል፣ የአንድ ኢትዮጵያዊ ግን 4 ዶላር አይሞላም። መላው አፍሪካ ያገኘው 33 ቢሊዮን ያህል ብቻ ነው። ዶላር የምታትም አገር የውጭ ምንዛሪ እጥረት አያሰጋትም፤ መድኃኒትና ነዳጅ ለማስገባት ምንዛሪ የምትለምን አገር ግን ከድልድሉ ጥቂቱን ወሰደች።

የኮታው ሥርዓት ደጋፊዎች፣ ብዙ ያዋጣ ብዙ ድምፅና ድርሻ ካላገኘ አዋጪዎቹ እጃቸውን ይሰበስባሉ ይላሉ። ለመደበኛው የብድር ገንዘብ ክርክሩ ክብደት አለው። ኤስዲአር ግን ከማንም ካዝና የወጣ መዋጮ አይደለም፤ በአባላት ውሳኔ የተፈጠረ ነው። ሙስና በተንሰራፋበት አገር ገንዘቡ ይባክናል የሚለው ስጋትም እውነትነት አለው፤ ሆኖም የሚጠይቀው ጥብቅ ቁጥጥርን ነው፣ ለባለጸጋው አብዝቶ መስጠትን አይደለም። የአይኤምኤፍ መቀመጫ በሆነችው በዚያችው ዋሽንግተን፣ በዓለም ባንክ ሥር እ.ኤ.አ. በ1960 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የልማት ማኅበር ተጠቃሚዎቹን የሚመርጠው በዋናነት በነፍስ ወከፍ ገቢያቸው ዝቅተኛነት ሲሆን፣ ገንዘቡን ሲያከፋፍል የአስተዳደር ብቃትንም ይመዝናል። ችግርን መነሻ ያደረገ ድልድል እንደሚቻል ከዚህ የቀረበ ማስረጃ የለም።

ሀብታም አገሮች ከድርሻቸው 100 ቢሊዮን ዶላር ለችግረኞቹ ለማስተላለፍ ቃል መግባታቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን በአይኤምኤፍ ቋቶች በኩል ሲያልፍ በአብዛኛው ብድር ሆኖ ይደርሳል፣ ለባለጸጋው የደረሰው ግን ዕዳ የሌለበት ድልድል ነበር። የድልድል ሕጉን ለማሻሻል 85 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ከ16 በመቶ በላይ የያዘችው አሜሪካ ብቻዋን ልታግደው ትችላለች። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 በሥራ አስፈጻሚ ቦርዱ ሦስተኛ ወንበር አግኝቷል፤ የአህጉሩ የድምፅ ድርሻ ግን በዚህ አልጨመረም።